የጓሮው ታዛ ስንት ክንድ ይሆናል?

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ዝናብ ሲጀምር እንደሚብስብህ ስለማውቅ ያሳስበኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ልነግርህ ጀምሬ አፌ ተያዘ። ከሲቪል ኢንጂነሪንግ ወጥቼ አርክቴክቸር ገብቻለሁ። ሳላማክርህ ማድረጌ ጥፋት ነውና ይቅር በለኝ። መቀየሬን ግን አልጸጸትበትም። ትምህርቱ 5 ዓመት ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። የአጋሮ ጎረቤት ሁሉ «ኢንጂነሯ መቼ ነው የምትመረቀው?» ሲልህ ምን እንደምትመልስ እያሰብኩ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ሥዕል ስለሽ ታውቂያለሽ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስቱዲዮ፣ ማለትም የሥዕል ክፍል፣ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ወንበር ሳሉ ተባልን። የወንበሩ አራት እግሮች እኩል መሆናቸውን ስለማውቅ እኩል አድርጌ ሳልኳቸው። የወዲያኛው እግር አጥሮ እንደሚታይ ዓይኔ ነግሮኝ ነበር፤ አላመንኩትም። አሁን ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቴ መሀል ርዝመቱን እየለካሁ ነው የምስለው። ከልጅነታቸው ሲስሉ የኖሩ ልጆች በአንድ ሰዓት የሚጨርሱት እኔን ያነጋኛል። ቤቱን ለሁለት እንደቆረጥነው አድርገን ውስጡን የምናሳይበት ሥዕል፣ ሴክሽን የሚሉት ላይ ግን የጣሪያው ክብደት በየት በኩል መሬት እንደሚደርስ እነሱ እኔን ይጠይቁኛል፤ ሲቪል የተማርኩት ከንቱ አልቀረም።

ቅዳሜ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንለካ ዋልን። ሰው እዚያ ሲሄድ የእንጨቱን ቅርጽ ነው የሚያየው፤ በእርግጥም ያምራል። እኛ ሜትራችንን እንደዘረጋን ግን ዶፍ መጣና በረንዳው ሥር ተጠለልን። ያ ሁሉ ውኃ ከፊታችን ሲወርድ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ወዲያው ቤታችን ትዝ አለኝ፣ አባዬ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አንተ ጭቃና ጭድ ረግጠህ የምትለስነው የጓሮው ግድግዳ! አፈሩ መጥፎ ነው እንል ነበር። አሁን ሳስበው ታዛው አጭር ነው፤ መሬት ላይ የሚያርፈው ውኃም እየተፈናጠረ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የጓሮው ታዛ ከግድግዳው ስንት ክንድ ይወጣል? እርጥበቱስ ከመሬት እስከ የት ይደርሳል? ነፋሱ ዝናቡን ከየት በኩል እንደሚያመጣውም ልብ በልልኝ። ፕላኑን ከአሁኑ መሳል እፈልጋለሁ። ሜትር አትፈልግ፣ በክንድህ ለካው። የአንተ ክንድ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ሴሚስተሩ ተዘግቶ ስመጣ እኔ እለካዋለሁ።

የምትወድህ ልጅህ
ከጅማ