ስለ ሃኒ ጉዳይ

ሰኒዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! መልእክትሽ ሲገባ ስምሽን አይቼ በደስታ ዘለልኩ፣ ወረድ ብዬ ሳነበው ግን ከፋኝ። «ልጄ ሃኒ በአካውንቲንግ ከ4 በ2.6 ተመረቀች፣ ከእንግዲህ ማን ይቀጥራታል፣ አበቃላት» ብለሻል። ኧረ በስመአብ በይ! በስልክ ከሆነ ተላቅሰን ነው የምንዘጋው፣ ለዚያ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ልጅቷ የማን ባች እንደሆነች አስታውሺ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ዙር ነበር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። 30 ሺህ ሰው እንኳን አይሞላም። ሃኒ ከእነሱ አንዷ ናት፣ ያለ ሬሜዲያል፣ ማለትም ነጥብ ያልሞላላቸው የሚወስዱትን የማካካሻ ትምህርት ሳትወስድ፣ ቀጥታ ነው የገባችው። የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ይቺን ልጅ ነው ሰነፍ የምትያት?

ግሬድ ምንም አይደለም ግን አልልሽም፣ ውሸት ይሆናል። እኔ ሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ለአንድ ጀማሪ አካውንታንት ማስታወቂያ ስናወጣ ሲቪው እንደ ጉድ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ኤክሴል ላይ እንሞላዋለን፦ ስም፣ ጾታ፣ የተመረቁበት ዓመት፣ ጂፒኤ (አማካይ ነጥብ)። ከዚያ «ከ3 ነጥብ በታች ያሉትን አውጧቸው» ይባላል፣ አንዴ ክሊክ ሲደረግ ያ ሁሉ ልጅ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል፣ ሲቪውን ማንም ሳይከፍተው። በጣም ያናድደኛል። የሚደረገውም ነጥቡ ችሎታን ስለሚያሳይ አይደለም፣ ሥራ ፈላጊው ስለበዛና ጀማሪን ከጀማሪ የሚለዩበት ሌላ ነገር ስላጡ ነው። ብዙ የባንክ ማስታወቂያም እንደዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ጂኤ (ጀማሪ ረዳት አስተማሪ) ሆኖ ለመቅረት ወይም ስኮላርሺፕ ለማግኘት ደግሞ ነጥብ የግድ ነው። እነዚህ በሮች ለጊዜው ጠበዋል፣ ይህን አልደብቅሽም።

ግን ይሄ ወንፊት ለ«ዜሮ ዓመት» ብቻ ነው። ማስታወቂያው «ሁለት ዓመት ተዛማጅ የሥራ ልምድ» ማለት ሲጀምር ወሬው ሁሉ ሌላ ይሆናል፤ የት ሠራሽ፣ ምን ሠራሽ፣ ለምን ለቀቅሽ። አንቺን ከመጀመሪያው ሥራሽ በኋላ ግሬድሽ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀሽ አለ?

አምና ያየሁትን ልንገርሽ። ለፈተና ከገቡት አንዱ ልጅ ነጥቡ በጣም ቆንጆ ነው፣ የጠየቅነውን ትርጉም ሁሉ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ሌላዋ ከ3 በታች ናት፣ ባልደረባዬ «ይቺን ልጅ ደግሞ እዩአት» ብሎ ስለለመነ ብቻ የገባች። ለሁለቱም የአንድ ወር የባንክ ስቴትመንትና የሒሳብ መዝገቡን ሰጥተን አስታርቁ፣ ማለትም አመሳክራችሁ ልዩነቱን አውጡ አልናቸው። ልጁ ወረቀቱን እያገላበጠ ቀረ። እሷ እርሳስ አንስታ የተገናኘውን መስመር በመስመር ራይት እያደረገች ወረደች፣ ባንክ ያልደረሱትን ቼኮች ለየች፣ መጨረሻ ላይ «ይሄ ሰርቪስ ቻርጅ መዝገብ ላይ አልገባም» ብላ ጣቷን አሳረፈችበት። ለካ አጎቷ መለዋወጫ መደብር አላቸው፣ ክረምት ክረምት ሒሳባቸውን በፒችትሪ፣ በሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ የምትይዘው እሷ ነበረች። ቀጠርናት፣ አሁን የወሩን ቫት የምታሳውቀው እሷ ናት። ልጁን ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ስቴትመንት በእጁ ያስያዘው ሰው ስላልነበረ ነው፣ ለእሱም አዘንኩ።

ስለዚህ ሃኒ ቤት ተቀምጣ የባንክ ማስታወቂያ አትጠብቅ። እናንተ ጋ ለነጋዴ ሒሳብ የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች አሉ፣ እዚያ ትግባ፣ ደሞዙ ትንሽም ቢሆን። ፒችትሪ ትልመድ፣ ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ማሳወቅ በእጇ ይግባ፣ ደረሰኝ መለየት ትልመድ። ሲቪዋ ላይ መጀመሪያ የሠራችውን ትጻፍ፣ ነጥቡ ወደ ታች ይሁን። ሲጠይቋት ግን እውነቱን ትናገር፣ ጨምራ ብትጽፍ ትራንስክሪፕቱ ሲመጣ ይጋለጣል፣ በዚህ የተባረሩ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር ማወዳደሩን ተዪ። ሰው ፊት ደግሞ «የኔዋማ» እያልሽ አታሳንሻት። ስንት ሲቪ በእጄ አልፏል፣ ከነጥቡ በላይ የሚያሳዝነኝ ፈተና ክፍል ሲገቡ ገና አንገታቸውን የደፉ ልጆች ናቸው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተሸንፈዋል።

ሲቪዋን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። ራሷም ትደውልልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን አብረን እንለማመዳለን፣ ስቴትመንቱንም አሠራታለሁ። እማማን ሳሚልኝ፣ አንቺም እንደገና እንዳትጠፊ።

ያንቺው አልሚ