አቡሽዬ፣ ከወደቅክ አትደብቅ

አቡሽዬ የኔ ጌታ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። በቴሌግራም ቮይስ ልልክልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ድምፄ እየተቆራረጠ አስቸገረኝና ነው የምፅፍልህ። እህትህ ቲጂ ሁሉንም ነግራኛለች፣ እንዳትቆጣት። ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ስትለማመዱ ሜዳ መሃል ራስህን እንደሳትክ፣ ስትነሳ ደግሞ «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው፣ አደራ ለማንም እንዳትናገሩ» እንዳልካቸው።

ቁርስ አይደለም ልጄ። የጂን ምርመራህ ውጤት ጥር ላይ ሲመጣ አብረን በስልክ አላለቀስንም? ኤምዋይኤች7 የሚባለው የልብ ጂንህ ተበላሽቷል የሚለውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ኳስ ሜዳ መውጣት ምን ይባላል? ከወደቅክ አትደብቅ። ለበሽታው ሐኪም አለው፣ የደበቅከውን ግን ማን ያክመዋል።

28 ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የጡንቻ ፕሮቲኖቹን አክቲንና ማዮሲንን በጠመኔ ስንቴ እንደሳልኩ አንተ ታውቃለህ፣ ደብተር ስታርምልኝ ነው ያደግከው። ማዮሲንን ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ ጡንቻን የሚጎትት ትንሽዬ ሞተር እል ነበር። የልባችን ሞተር የሚሠራበት ጂን 14ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ የ1935 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት እንደሆነ፣ ከዛ ሁሉ አንዷ ብትቀየር ልብ ልትታመም እንደምትችል ግን ያንተ ውጤት ሲመጣ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለው ለውጥ መጀመሪያ የታወቀው በፈረንጆቹ 1990 ነው አሉ፣ 403ኛዋ ቦታ ላይ አርጂኒን መሆን የነበረበት አሚኖ አሲድ ግሉታሚን ሆኖ። አጎትህ ከሞተ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

አያትህ ቤት የአጨዳ ደቦ ሲጠራ ግማሹ ሲያጭድ ግማሹ ጥላ ስር ጠላውን ይዞ እንደሚያርፈው፣ ደህና ልብ ውስጥም ከማዮሲኖቹ ብዙዎቹ ታጥፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይሄ ጂን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ያረፉትም ተነስተው ይጎትታሉ፣ ልብ ከልክ በላይ ትጨመቃለች፣ መላላት ያቅታታል፣ ጉልበቷን ትጨርሳለች፣ ግድግዳዋ እየወፈረ ይሄዳል። 19 ሚሊሜትር ያሉህ እሱን ነው፣ የደህና ሰው እስከ 12 ቢሆን ነው። እንዲህ የወፈረ ልብ ምቱ በድንገት ሊዛባ ይችላል፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ እየሮጡ መውደቅ ቀልድ አይደለም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፣ ለአባትህም አልነገርኩትም። ሳሎን ፎቶው ላይ ቢጫ ማሊያ የለበሰው አጎትህ በእኛ 1979 ሲሞት 19 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 13። ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ወደቀ፣ አልተነሳም፣ ይሄን ታውቃለህ። የማታውቀው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት የሆነውን ነው። ከወፍጮ ቤት ስንመለስ ዳገቱን ልቅደምሽ ብሎ ሮጠና ጫፍ ሳይደርስ ተደፋ። ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ዱቄቱን ጥዬ ስጮህ ነቃ፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ከኪሱ ስሙኒ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገና «ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ኳስ ታስተወኛለች» አለኝ። ተቀበልኩት። ከረሜላ ገዛሁበት አቡሽ።

ከዛ ቡዳ በላው ተባለ። እማዬ የጎረቤታችንን ሴትዮ ጠረጠረቻት፣ ማሊያውን አድንቃ ነበርና። እስክትሞት ድረስ ቡና አልጠራቻትም፣ ልጆቿ በደጃችን ማለፍ ተዉ። እኔ አፌን ይዤ አየሁ። በፈረንጆቹ 2003 ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሊዮን ላይ 72ኛው ደቂቃ ላይ ብቻውን ሲወድቅ ከአባትህ ጋር በቴሌቪዥን እያየን ነበር፣ አንተ ጭኔ ላይ ተኝተሃል። 28 ዓመቱ ነበር። በኋላ ልቡ ወፍሮ ተገኘ ሲባል ሰማሁ፣ ያኔ እንኳን ዳገቱ ትዝ ብሎኝ አልተናገርኩም። አጎትህን ማንም አልመረመረውም፣ ግን ጂኑ እኔም ላይ ተገኝቷል፣ አንተ ከኔ ነው የወሰድከው። እኔን ምንም ሳያደርገኝ 50 ዓመት አልፌ ልጄን ያዘብኝ። ከእናትና ከአባት ባንዱ ላይ እንኳን ቢኖር ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል በእኩል ዕድል ነው አሉኝ፣ እኔ ግን እሱ አያፅናናኝም።

ለዚህ ነው አትደብቅ የምልህ። ያዞረህ እንደሆነ፣ ደረትህን የጨመደደህ እንደሆነ፣ ልብህ ዘሎ የመታ እንደሆነ ያኑ ቀን ተናገር።

ደግሞ ስማኝ። የልብ ምትህን የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከሩን፣ በራስህ እንዳታቋርጥ። ኤነርጂ ድሪንክ የምትሉትን ተው። ውሃ ጠጣ፣ በጾሙም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በደረቁ አትቆይ፣ ለንስሐ አባትህ በሽታህን ንገራቸውና የሚፈቅዱልህን አድርግ። ሐኪሙ ስፖርት ጨርሶ ተው እንዳላለህ አውቃለሁ፣ ተራመድ፣ ግን እሱ ሳያይህ ማሊያ እንዳታጠልቅ። ከቆዳ ስር ስለሚቀበረው፣ ምቱ ሲዛባ በኤሌክትሪክ ስለሚመልሰው መሳሪያ ጠይቀው፣ ፈርተህ አትዝለለው። በፈረንጆቹ 2022 እዛው አሜሪካ የተፈቀደ ማቫካምተን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ራሱን ማዮሲኑን ነው የሚያረጋጋው፣ ከልባቸው ደም መውጫው ለጠበበባቸው ነው የሚሰጠው፣ ያንተ ከነሱ ይሁን አይሁን ጠይቅ። ቲጂም ትመርመር፣ ከተገኘባት ልጆቿም። «ጊዜ የለኝም» አትበለኝ በልልኝ።

እኔ እሁድ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፣ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል አሉ። ቡናና ስኳር ገዝቻለሁ። ስሙኒውን ነግሬያቸው እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ከዛ እንደፈቀዱ።

አንተ ሐሙስ ሐኪምህ ጋ ስትገባ ስትወድቅ ያየህን ልጅ ይዘኸው ግባ። ስንት ደቂቃ እንደቆየህ፣ ከመውደቅህ በፊት ምን እንዳደረግክ እሱ ነው የሚያውቀው። ስትወጣ ደውልልኝ፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ቢሆንም ደውል፣ ስልኩ ትራሴ ስር ነው።

እናትህ