ጣትዎን አልቀበል ስላለው ስልክ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው «ስልኩ ጣቴን አልቀበል አለኝ፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ» ሲሉኝ ስቄ አለፍኩ፤ በኋላ ግን ከነከነኝ። የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ይሆናል እንጂ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከመስታወቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ በዓይን ግን የማይታይ ስስ ሽፋን አለ። ለስላሳ ጣት ሲነካው ቶሎ ያውቃል፤ ደረቅ ጣት የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው። እስቲ ቅባት ቢጤ ይቀቡና ይሞክሩት።

ዘወትር «ምንድን ነው የምትሠራው?» ይሉኝ የለ? ያንን ሽፋን በመስታወት ፈንታ ፕላስቲክ ላይ ማልበስ ነው፣ ስክሪኑ እንዲታጠፍ። ሽፋኑ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ይባላል፤ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ የቀጠነ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ክፍል ውስጥ የአርጎን ጋዝ የሽፋኑን ቁስ በኃይል ይመታዋል፤ የተፈነጠረውም ፕላስቲኩ ላይ እንደ ጤዛ ያርፋል። መስታወት ቢሆን 300 ዲግሪ ድረስ አሙቀን ሽፋኑን እናጠራው ነበር። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ግን ገና 80 ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ በቀዝቃዛው እንሠራለን፤ ኤሌክትሪኩም እንደ ልብ አያልፍም። «አወፍረው» ይለኛል አለቃዬ። ሲወፍር ደግሞ ቢጫ ይላል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ስንቴ እንደነገርኩት!

ሁለት ሳምንት ድምፄን ያጠፋሁትም በዚሁ ነው። አንዱን ናሙና፣ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጌ እርሳስ ላይ ጠቀለልኩት። ስዘረጋው ጥርት ያለ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳየው መለኪያ ግን ከ60 ኦም ተነስቶ ሺህ ውስጥ ገባ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ከእርሳሱ ጎን ለጎን የተሰለፉ ስንጥቆች ሞልተውበታል። ሌላውን ሽፋኑን ወደ ውስጥ አድርጌ ስጠቀልለው ተረፈ፤ ከመለጠጥ ይልቅ መጨመቅን ይችላል። አሁን የብር ናኖ ሽቦዎችን፣ ማለትም ከብር ማዕድን የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮችን፣ እየሞከርኩ ነው። እርስ በርስ እንደ ሣር ስለሚተኙ መታጠፉን ይችሉታል፤ ስክሪኑን ግን ትንሽ ጉም ያለብሱታል። እኔ ጉሙን እመርጣለሁ፣ አለቃዬ ግን አይወደውም።

እሁድ እደውላለሁ። አረንጓዴዋ ምልክት አልሰማ ብትልዎት ጣትዎን ቀባ አድርገው ይድገሟት፤ እኔ እስኪያነሱ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ