የተፈታ እጅ ተመልሶ እንዳይታሰር፦ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ሜክሲኮ አካባቢ ካለች ትንሽ የስፌት ወርክሾፕ ነው፣ ዘጠኝ ማሽን አለን፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የስራ ልብስ እንሰፋለን። ከዚህ በፊት ግን ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላይን ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የአንድ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነበርኩ፣ ወደ አሜሪካ የሚላክ ልብስ ነበር የምናመርተው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አሁን አሁን በየቦታው የምሰማው ወሬ ነው። ኮሜሳ (የምስራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ምን ሰጠን፣ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ከገባን የኬንያና የግብፅ እቃ ያጥለቀልቀናል፣ በራችንን ዘግተን ፋብሪካዎቻችንን ብንጠብቅ አይሻልም ወይ የሚል። እንዲህ የሚሉትን ሰዎች አልንቃቸውም፣ እኔም እኮ መርካቶ ከሚራገፍ የውጪ ልብስ ጋር በየቀኑ የምወዳደር ሰው ነኝ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ከገበያ መውጣት ፋብሪካ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በአይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አጎዋ የንግድ ማህበር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የአፍሪካ ሀገሮች እቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ አሜሪካ በራሷ ህግ የምትሰጠው እድል ነው። ከዛ የወጣነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022፣ በኛ ታህሳስ 23 ቀን 2014 ነው። ያኔ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቀረጥ ነበር፣ እውነት ነው ቀረጡ ከባድ ነው፣ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ አንዳንድ የፖሊስተር ሹራብ ደሞ 32 በመቶ ይከፈልበታል፣ በልብስ ስራ ላይ እንደዚህ አይነት ትርፍ ያለው ማንም የለም። ሰው ያላየው ግን ላይኑ ላይ የሆነውን ነው። አንዲት ልጅ አዲስ ስትቀጠር ኪስ ስትሰፋ ቀኑን ሙሉ ስትተረትርና ስትሰፋ ትውላለች፣ ያንኑ ኪስ በሺዎች ስትደጋግም ከወራት በኋላ እጇ ይፈታል፣ ማሽኑን ሳታየው ትሰፋለች። ይሄ የሚሆነው ትልቅ ኦርደር ሲኖር ብቻ ነው፣ አንድ ስታይል፣ ማለትም አንድ አይነት የልብስ ሞዴል፣ ለሳምንታት ሲሄድ። ከአጎዋ ወጥተን ኦርደሩ ሲያንስ ምን ሆነ፣ በየሶስት ቀኑ ስታይል መቀየር መጣ፣ ስታይል በተቀየረ ቁጥር ማሽን ይነሳል ቦታ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው ቀን ምርት ከታቀደው ግማሹን አይሞላም፣ ሊሞላ ሲል ደሞ ኦርደሩ አለቀ። እነዛው ልጆች፣ እነዛው ማሽኖች፣ ያው መብራት፣ በሰአት የሚወጣው ግን እያነሰ ሄደ። ከዛ እጃቸው የተፈታው ልጆች አንድ በአንድ ለቀቁ፣ ገሚሱ አረብ ሀገር ገሚሱ ወደ ቤተሰቡ፣ እሱን ደሞ ቀረጡ ነገ ቢነሳ እንኳን በአንድ ቀን መመለስ አይቻልም። ይሄ ነው እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ይሄ የደሃ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪፈረንደም (በህዝበ ውሳኔ) 51.9 በመቶ ወስና፣ በ2020 ከአውሮፓ ህብረት ወጣች፣ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ደሞ ከጋራ ገበያውና ከጉምሩክ ህብረቱ ውጪ ሆነች። ልብ በሉ፣ የነፃ ንግድ ስምምነት ፈርማ ነው የወጣችው፣ ታሪፍ ዜሮ ነው! ግን እቃው የሷ ስሪት መሆኑን ማስመስከር አለባት፣ መኪና ከሆነ በአጠቃላይ ከዋጋው 55 በመቶው ከእንግሊዝ ወይ ከአውሮፓ የተገኘ መሆን አለበት፣ በዛ ላይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለ ፍተሻ አለ። ትልልቆቹ ለዚህ ሰራተኛ ቀጠሩ፣ ትንንሾቹ ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ መላክ ተዉት። እቃው የደህንነት መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳይ የራሷን ምልክት ካላወጣሁ ብላም ፋብሪካዎቹን ለሁለት ምልክት ካለፋች በኋላ በ2023 የአውሮፓውን ምልክት ለብዙ እቃዎች ያለ ጊዜ ገደብ እቀበላለሁ አለች። የመንግስታቸውን በጀት የሚተነብየው ገለልተኛ መስሪያ ቤት፣ ህብረቱ ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ ከሚኖረው ጋር ሲተያይ ምርታማነታቸው በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያንሳል ብሎ ነው የሚያሰላው። ፓውንድ ሪፈረንደሙ እንዳለፈ ሲወርድ ኤክስፖርት ይጨምራል የተባለውም እንደታሰበው አልሆነም፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ግብአቱንም ከውጪ ነው የሚያመጣው። ይሄንን በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ እኛም አይተነዋል፣ ክርና ዚፕ በምን ዋጋ እንደምገዛ እኔን ጠይቁኝ።

የቅርብ ምሳሌ ካላችሁ ደሞ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመስርቶ በ1977 ፈረሰ፣ የጋራ አየር መንገዳቸው ፈረሰ፣ ባቡሩ ተከፋፈለ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር እስከ 1983 ተዘግቶ ቆየ። እንደገና ለመጀመር ውሉ የተፈረመው በ1999 ነው። ለመፍረስ አስር አመት፣ ለመመለስ ከሃያ አመት በላይ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር አልገባንም፣ አባል ነን ግን ደጅ ላይ ነን። የአህጉሩን የነፃ ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ፈርመን በ2019 አጽድቀናል። ከወርክሾፓችን ወጣ ብሎ ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ ላየ የአፍሪካ ህብረት ህንፃ ቆሟል፣ እኔ ግን እዚህ ሆኜ አንድ ጥያቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም፦ ጨርቁ የቻይና ሆኖ እኔ የሰፋሁት ቱታ ናይሮቢ ሲደርስ የኢትዮጵያ ስሪት ይባላል ወይስ አይባልም? ክሩስ ይቆጠራል? እዚህ ከተማ ውስጥ እንደኔ በዘጠኝና በአስር ማሽን የሚሰራው ሰው ሁሉ ይሄ መልስ ከሌለው ስምምነቱ ለሱ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄ ነው። የስሪት ሀገር ህጉን በቀላል አማርኛ፣ ከልብስና ከጫማ ምሳሌ ጋር፣ አውጡልን። የእያንዳንዱ እቃ ታሪፍ በየአመቱ በስንት እንደሚቀንስ አስቀድማችሁ ንገሩንና በየመሀሉ አትቀይሩት፣ ማሽን በብድር የሚገዛ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ውድድሩን የማይችል ዘርፍ ካለ የተወሰነ ጊዜ ስጡት፣ ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ግን ጽፋችሁ ስጡት። ከማንኛውም ገበያ የሚያስወጣ ነገር ደጅ ላይ ሲደርስ ደሞ በዜና አንስማው፣ ፋብሪካው ልጆቹን ለሌላ ኦርደር ይዞ የሚቆይበት ወራት እንዲኖረው ቀድማችሁ ንገሩት።

በስብሰባ ከጠራችሁን እኔም መጥቼ እናገራለሁ፣ አብረውኝ ላይን ላይ ከነበሩት አሁን ሜክሲኮ አብረውኝ የሚሰሩ ሁለት ልጆችም ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር