ከኦስሎ እስከ በርገን፦ ለአባባና ለእማዬ

ይድረስ ለውድ አባባና ለእማዬ፣ ድሬዳዋ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ ኖርዌይ ስትመጡ ከኦስሎ እስከ በርገን ስለምናደርገው ጉዞ በስልክ የጀመርነው ነገር መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን በጽሑፍ ይሻላል ብያለሁ። ረጋ ብላችሁ አንብቡትና ተመካከሩበት።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከኦስሎ በባቡር ወጥተን ሚርዳል በሚባል የተራራ ጣቢያ እንወርዳለን። ከዚያ በሌላ ባቡር ቁልቁል ወደ ፍሎም፣ ከፍሎም በመርከብ ወደ ጉድቫንገን፣ ከጉድቫንገን በአውቶቡስ ወደ ቮስ፣ ከቮስ ደግሞ በባቡር በርገን። አስጎብኚዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጠቅልለው ይሸጡታል። እኔ አልስማማበትም፤ አምስት ጊዜ መሳፈርና መውረድ ለእናንተ ድካም ነው፣ አንዱ ከዘገየም የቀረው ሁሉ ይዛባል። ፍሎም ብናድር ይሻላል። ቀን ላይ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ሲቆሙ መንደሯ መላወሻ የላትም፤ አመሻሽ ላይ ግን ሁሉም ሄዶ ጭር ትላለች። ማደሪያው ጥቂት ስለሆነ ከወራት በፊት መያዝ አለበት። የባቡር ትኬትም ቀድሞ የገዛ ይረክስለታል፤ ርካሹ ትኬት ግን ገንዘቡ አይመለስም። ለዚህ ነው ቪዛው ሳይወጣ የማልገዛው። አባባ 67 ዓመት ስላለፉ በባቡሩ የአረጋውያን ቅናሽ አለዎት፤ ፓስፖርትዎን ከኪስዎ አያርቁ።

አባባ፣ አሁን ወደ እርስዎ ሙያ፣ ወደ ባቡሩ ልምጣ። ከኦስሎ በርገን የሚሄደው መስመር የተመረቀው በፈረንጆቹ 1909 ነው፤ የእናንተ ባቡር ድሬዳዋ ከገባ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት እንደ እናንተ የድሮው ሐዲድ አንድ ሜትር ሳይሆን 1,435 ሚሊሜትር ነው። ከሁሉ ከፍ ያለው ጣቢያ ፊንሰ ይባላል፣ 1,222 ሜትር ላይ፤ ከድሬዳዋ ከፍታ ብዙም አይርቅም! ነገር ግን አንድ ዛፍ አይበቅልበትም፣ ሐምሌ ላይ እንኳ ከመስኮቱ ማዶ የሃርዳንገር የበረዶ ግግር ይታያል። ከምድር ወገብ ያን ያህል ሲርቁ ደጋና ቆላ የምንለው ልኬት አይሠራም። ድሮ ሐዲዱ እስከ 1,301 ሜትር ይወጣ ነበር፤ በረዶ እየቀበረው ሲያስቸግር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ኪሎሜትር በላይ ዋሻ ፈልፍለው ዝቅ አደረጉት።

ዋናው ግን ከሚርዳል ወደ ፍሎም የሚወርደው ነው። ርዝመቱ 20 ኪሎሜትር ብቻ ሆኖ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከ867 ሜትር ተነስቶ ባሕሩ ዳር ይደርሳልና። ቁልቁለቱ በበረታበት በ1,000 ሜትር 55 ሜትር ይወርዳል። ሌላ አገር እንዲህ ላለው ቁልቁለት ጥርስ ያለው ሐዲድ የሚዘረጉ አሉ፤ እዚህ ተራ ሐዲድ ነው። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ሎኮሞቲቭ አለው። ካሉት 20 ዋሻዎች 18ቱ በእጅ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ባቡሩ ተራራው ሆድ ውስጥ ዞሮ የሚወጣበትም አለ። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ባቡሮች የሚተላለፉት በርክቫም ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ቆሞ ሲጠብቅ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ሾስፎሰን ከሚባለው ፏፏቴ ፊት ለፊት አምስት ደቂቃ ያህል ይቆማል። ፍንጣቂው መድረኩን ሁሉ ስለሚያረጥብ ያንሸራትታል፤ እማዬ፣ ክንዴን ሳትይዢ አትውረጂ። ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከቋጥኙ ላይ ብቅ ብላ በሙዚቃ ትወዛወዛለች። በተረታቸው ሰው የምታማልል የጫካ መንፈስ ናት። እንዳታማትቢ፣ ተዋናይ ነች።

መርከቡ ከፍሎም ጉድቫንገን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ፊዮርድ ማለት ድሮ የበረዶ ግግር የቦረቦረው፣ ኋላ ባሕር የገባበት ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ ውሃው ጨው ነው። የእኛ መንገድ የትልቁ የሶግነ ፊዮርድ ቅርንጫፍ ነው፤ ሶግነ ራሱ 204 ኪሎሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። መጨረሻ ላይ የምንገባበት ናሮይ ፊዮርድ በጠበበበት ቦታ 250 ሜትር ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 2005 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ በባትሪ የሚሄድ መርከብ ስላለ የሞተር ጩኸትም የናፍጣ ሽታም የለም። በመንገድ ላይ ኡንድሬዳል የምትባል መንደር ትታያለች፤ 40 መቀመጫ ብቻ ያላት ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለች። እማዬ፣ ቀድሜ አሳይሻለሁ።

ልብስን በተመለከተ አትከራከሩኝ። መርከቡ ላይ ጸሐይ እያለ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከውስጥ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ካፖርት። ጥጥ ከረጠበ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ያበርዳል፤ ጋቢውን አምጡት፣ ግን መርከቡ ውስጥ ለመቀመጫችሁ ነው። ጃንጥላ ለበርገን አትያዙ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንብባታል።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ትኬቱ ላይ 08፡25 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2፡25 ነው፤ 14፡00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት። 07.08 የሚለው ቀን ደግሞ ነሐሴ 1 ነው። የፍልሰታ መግቢያ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ላይ ደግሞ በአብዛኛው ቋሊማና ወተት የገባበት ነው የሚሸጡት። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ሽሮ አምጡ። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን ጉምሩክ ይወስድባችኋል፤ ከአውሮፓ ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ትልልቅ ሻንጣ ኦስሎ እቤት ይቀራል፤ ለሁለታችሁ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይበቃል።

በርገን ላይ ብሪገን የሚባለውን የወደብ ሰፈር እናያለን። የጀርመን ነጋዴዎች ለአራት መቶ ዓመት ገደማ እህል እያስገቡ፣ ከሰሜን የመጣውን ደረቅ ዓሣ እየጫኑ ይነግዱበት ነበር። ቤቶቹ እንጨት ስለሆኑ ውስጣቸው እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ የሚያበስሉት ከጀርባ በተለየ ቤት ነው። እንዲያም ሆኖ በ1702 ተቃጥሎ በቀድሞው መልኩ ተሠራ። ወለሉ ተዛብቷልና ቀስ እያላችሁ ርገጡ። ከዚያ ከ1918 ጀምሮ በሚሠራው በገመድ በሚጎተተው ባቡር 320 ሜትር ወጥተን ከተማዋን ከላይ እናያለን። ደመና ከሸፈነው ግን አንወጣም፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ይኑረው፤ ፓስፖርታችሁም ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው መሆኑን አረጋግጡ። የፓስፖርቱን ኮፒ፣ የእማዬን የጫማ ቁጥርና የአባባን የኮት ልክ በዚህ ሳምንት ላኩልኝ።

ናፋቂ ልጃችሁ
ኦስሎ