ስለ አንዲት ቃል፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በሜሪላንድ ላሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያዘጋጀሽውን የወንጌል ንባብ ከላክሽልኝ ወዲህ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ፊደሉም ለሕፃን ዓይን የሚመች ነው። አንድ ስፍራ ላይ ግን ቆምሁ። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ በችኮላ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተውሁት።

የቆምሁት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7፣ ልጅዋን እንዲፈውስላት ጌታን ስለለመነችው ስለ ባዕዷ፣ ስለ ሲሮፊኒቃዊቷ ሴት በተጻፈው ላይ ነው። ጌታ «የልጆችን እንጀራ ይዞ ለቡችሎች መጣል አይገባም» ያላትን አንቺ «አስቀድሞ የቤቱ ልጆች መብላት አለባቸው» አድርገሽ ጽፈሽዋል። ምክንያትሽንም ነግረሽኛል፦ ልጆቹ በሚማሩበት ስፍራ ስለ መልካቸው ክፉ ቃል የሚሰሙ ናቸውና፣ ጌታ ባዕድ ሴትን በቡችላ መሰላት ሲባል ልባቸው እንዳይሰበር ብለሽ ነው። ይህን ያደረግሽው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔን ያስፈራኝም በፍቅር መደረጉ ነው።

እስኪ ገጽሽን እንደገና ተመልከቺው። የጌታን ቃል ስትለውጪ የሴቲቱን መልስ እንዳለ ትተሽዋል፤ «ቡችሎች እንኳ ከማዕድ በታች ሆነው ከልጆች ፍርፋሪ ይበላሉ» ትላለች። እንግዲህ በአንቺ ገጽ ላይ ይህች ሴት ማንም ሳይጠራት ራስዋን ቡችላ ብላ ተገኘች። ከባዱን ቃል ከጌታ አፍ አነሣሁ ብለሽ በድኻይቱ አፍ ላይ አኖርሽው። ከዚህም የሚብስ አለ፤ በወንጌሉ ሴቲቱ ጌታን በገዛ ቃሉ ትይዘዋለች፤ ማዕድ ካለ ፍርፋሪ አለ፣ ቡችላም ከሆንሁ የቤቱ ነኝ ማለትዋ ነው። ጌታም «ስለዚህ ቃልሽ ሂጂ፥ ጋኔኑ ከልጅሽ ወጥቶአል» ያላት ስለዚሁ መልስ ነበር። የመጀመሪያው ቃል ከጠፋ የተመሰገነችበትም መልስ ሥር የለውም።

በዮሐንስ ራእይ መጨረሻ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ «ማንም በዚህ ላይ አንዳች ቢጨምር እግዚአብሔር በዚህ መጽሐፍ የተጻፉትን መቅሠፍቶች ይጨምርበታል» ይላል፤ የሚያጎድልም ከሕይወት ዛፍ ዕድሉ ይጎድልበታል። ይህ በቀጥታ የተነገረው ስለ ራእዩ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ በአንድ ጥራዝ የምንይዘው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያን ዘመን እንዲህ ተሰብስቦ አልተጠረዘም ነበርና። ስለዚህ ሰዎች ስለ መጻሕፍቱ ቁጥር ሰማንያ አሐዱ እና ስድሳ ስድስት እየተባባሉ ይህን ጥቅስ እንደ ድንጋይ ሲወራወሩበት ደስ አይለኝም። ዐሳቡ ግን ከዮሐንስ በፊትም የነበረ ነው። ሙሴ በዘዳግም 4፥2 እንዳይጨምሩም እንዳያጎድሉም እስራኤልን አዝዟል። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ በቆየልን በመጽሐፈ ሔኖክም፣ ወደ ፍጻሜው ገደማ፣ ኃጢአተኞች የእውነትን ቃል እንደሚያጣምሙ ከተነገረ በኋላ፣ ቃሉን በየቋንቋቸው ሳይለውጡና ሳያጎድሉ በእውነት ስለሚጽፉ ሰዎች ይናገራል። «በየቋንቋቸው» የሚለውን ልብ በዪው። በቀላል አማርኛ መጻፍሽን የሚነቅፍ ቢመጣ ይህን አሳዪው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ነግሬሽ አላውቅም። ቁም ጽሕፈት ስማር፣ ገና ጢሜ ሳያቆጠቁጥ፣ የኔታ ከመዝሙረ ዳዊት 135ኛውን መዝሙር እንድገለብጥ ሰጡኝ። «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር፤ እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ብሎ የሚጀምረው ነው። «ምሕረቱ ለዘለዓለም ነውና» የሚለው ቃል በየቁጥሩ ይመላለሳል፤ ከ20 ጊዜ በላይ ይመጣል። ከአንድ የፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት መሆኑንና ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ለብርዕ እስኪመች ድረስ ያለውን ድካም ስለማውቅ፣ ብራና የቆጠብሁ መስሎኝ ከመካከል በብዙው ቁጥር ላይ ያን ቃል ተውሁት። አንባቢው መቼም በቃሉ ያውቀዋል፣ ራሱ ይሞላዋል ብዬ ነበር። የኔታ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙረው ዝም ብለው አነበቡና፣ ሳይቆጡ፣ «ምሕረቱ በዛብህ ወይ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ቅጠሉ ተፍቆ ለመለማመጃ ሆነ፤ እኔም መዝሙሩን በአዲስ ብራና ከመጀመሪያው ጻፍሁት።

ከዚያ ወዲህ ስሕተትንና ለውጥን ለይቼ ማየት ተማርሁ። ጸሐፊ ይደክማል፤ ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘልላል፤ ሁለት ተመሳሳይ ቃላት ያምታቱታል። የእጅ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ይህን ሰምተሽ እንዳትደነግጪ። ለዚህም ሥርዓት አለው፦ የተሳተው ፊደል በምላጭ ተፍቆ በላዩ ይጻፋል፣ የተዘለለው በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ በደቃቅ ፊደል ይገባል። የተፋቀው ብራና ይሻክራል፤ ጣትሽን ብታሳልፊበት ይታወቅሻል። ሥራው ታርሞ እንደ ነበር አንባቢው ያያል። የሚያሠጋው የማይታየው እርማት ነው፤ አንባቢው ሳያውቅ የእኔን ዐሳብ የነቢዩ ነው ብሎ ሲቀበል።

ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል ሦስትና አራት ዐምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ሲጥል ጠላትነቱ ግልጽ ነበር፤ ባሮክም ሌላ ጥቅልል ይዞ ሁሉን እንደገና ጻፈው። እንዲህ ያለውን መመለስ ይቻላል። በመልካም ዐሳብ የገባው ግን ዘመን ይሻገራል። ኤራስመስ የተባለው ሊቅ የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1516 እና በ1519 ሲያሳትም፣ በ1ኛ ዮሐንስ 5 «በሰማይ የሚመሰክሩት አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ» የሚለውን በያዛቸው የግሪክኛ ቅጂዎች ስላላገኘው አላስገባውም። ተቃዋሚዎቹ ጮኹበት፤ በኋላም በዚያው ዘመን የተጻፈ አንድ ቅጂ ቀረበለትና በ1522ቱ እትም አስገባው። ትምህርተ ሥላሴ እውነት ነው፤ እኔም ሌት ተቀን በሥላሴ ስም የማማትብ ነኝ። ይሁን እንጂ እውነት የሆነውንም ነገር ቢሆን ሐዋርያው ባልጻፈበት ስፍራ ጽፎ መደገፍ ለእውነቱ አለመታመን ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ስለ አንቺ የተነገረ የሚመስለኝ ግን የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን የተወልን የስጲሪዶን ነገር ነው። ስጲሪዶን በ4ኛው መቶ ዓመት በቆጵሮስ የጰጰሰ፣ አስቀድሞም በግ ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ጳጳሳቱ በተሰበሰቡበት አንድ ቀን ትሪፊልዮስ የተባለ፣ በንግግር ጥበብ የተማረ ጳጳስ ስለ ሽባው ሰው ሲሰብክ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ከሚለው ውስጥ ተራውን የሕዝብ ቃል ትቶ፣ የተማሩ ሰዎች በሚናገሩበት ግሪክኛ ሌላ ለአልጋ የሚሆን ቃል ተናገረ። ትርጉሙ ያው አልጋ ነው። ስጲሪዶን ግን በጉባኤው ፊት፣ ያንን ቃል ከተናገረው ትበልጣለህን፣ በቃሉስ ታፍራለህን ብሎ ገሥጾት ከመንበሩ ተነሣ። እረኛው ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል መቆጣቱ የበዛ መስሎ የሚታየኝ ጊዜ አለ፤ ይሁንና ነገሩ የመጣው ከማፈር መሆኑን ያየው እርሱ ብቻ ነበር። አንቺም ልጄ፣ ለልጆቹ ከማዘንሽ ጋር ስለ ጌታ ጥቂት አፍረሽለታል።

እንዲህ ስልሽ ቃል ሁሉ በጆሮ በለመድነው ይቅር ማለቴ አይደለም። ሄሮኒሞስ ዮናስን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲተረጉም ሕዝቡ «ቅል» ሲባል ሲሰማው የኖረውን ተክል «ሐረግ» ብሎ ስለጻፈው፣ በዛሬይቱ የሊቢያ ትሪፖሊ ምእመናኑ ሁከት አንሥተው ጳጳሳቸውን ሊተዉት እንደ ነበር አውግስጢኖስ ጽፎለታል። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ተክሉ ጉሎ ነው ይላሉ፤ ከጓሯችን አጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎ! ሄሮኒሞስ ከዕብራይስጡ የሚቀርበውን ፈልጎ ነውና ቃል ለዋጭ አልለውም፤ ያደረገውንም በግልጽ አስረድቷል።

የእኛ መምህራን ለዚህ ሁሉ መንገድ አላቸው። በአንድምታ፣ በመጻሕፍት ትርጓሜያችን፣ ንባቡ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከዚያ «አንድም» እያሉ የፈለጉትን ያህል ይፈቱታል፣ የሌላ አብነት ንባብ ሲኖርም ልዩነቱን ይናገራሉ። ንባቡን ግን አይነኩትም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፦ ቡችሎችን ወደ ስፍራቸው መልሻቸው፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም የራስሽን ቃል ጻፊ። የግሪክኛው ቃል የቤት ቡችላ ማለት መሆኑን፣ አስቸጋሪውን ቃል የሰማችው እናት እንዳልሄደችና በክርክር እንደ ረታች፣ ልጅዋም እንደ ዳነችላት ንገሪያቸው። በመልካቸው የተሰደቡ ልጆች ይህችን ሴት ከማንም ይልቅ የሚወዱአት ይመስለኛል።

ገጹን ለእናትሽ አንብቤላት ነበር። ከዚህ ስፍራ ስደርስ አስቆመችኝና፣ «ቆይ፣ ውሻ ያላት ማን ነው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አርመሽ ስትልኪው አነብላታለሁ።

አባትሽ