የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «የኔንም ድምፅ»

ዘንድሮ መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ስራ ተከፋፈልን፣ በየሳምንቱ ተሰበሰብን፣ የሰልፍና የእረፍት ሰዓት ፕሮግራማችንን አስተላለፍን፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም አዘጋጀን፣ ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ስላለ አልደግመውም። «ሚኒ ሚዲያ ሙዚቃ መክፈቻ ነው» ለሚሉ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ አለን፣ ከወረባቦ መጥቶ ደሴ ዘመድ ጋ ነው የሚኖረው። መጀመሪያ ማይክ የያዘ ቀን በቤቱ ቅላጼ ዜና ሲያነብ ሜዳው ሙሉ ሳቀበት። ሁለት ሳምንት ክበቡ ጋ ድርሽ አላለም። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፣ እንደ አዲስ አበባ ኤፍኤም ቃል እየጎተተ፣ በየመሀሉ «ቤዚካሊ» እያለ፣ የጸጉር ቁርጡ ሳይቀር ተቀይሮ። ማንም አልሳቀም። እኔም «አሁን ጋዜጠኛ መሰልክ» አልኩት፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሚያዝያ ላይ ወላጆችና መምህራን አዋጥተውልን ሐይቅ ሄድን፣ ከኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዶቹ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን እስጢፋኖስ ገዳም ሊያዩ ገቡ፣ ሴት ስለማይገባበት ሴቶቹ ከኔ ጋር ውሃው ዳር ቀሩ፣ ያ የወረባቦው ልጅም ቃለ መጠይቅ ልስራ ብሎ ቀረ። ጥላ ስር የተቀመጡ አንድ እናት ጋ ሄዶ ስልኬን ዘረጋና «እርስዎ ስለ ሐይቁ ታሪካዊ ዳራ ለአድማጮቻችን ቢያብራሩልን?» አላቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ደግሞ ጠየቀ፣ ያው ነው።

ከዛ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ፊታቸው ቁጢጥ አለ። «እማ፣ አንቱ ልጅ ሳሉ አያትዎ ስለዚህ ውሃ ምን ይሉ ነበር?» አለ፣ በዛው በሳቁበት ቅላጼ።

ቀና ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ?»

«የወረባቦ ነኝ፣ ከቢስቲማ ወዲህ።»

«ኧረ አፈር ስሆን፣ የቅርብ ልጅ ኖረሃል!»

ነጠላው ወረደ፣ ወሬው መጣ። ልዕልት የበደለቻት ነፍሰ ጡር ሴት፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውሃ ያደረገበት፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ የቀረበት ታሪክ፣ ገዳሙም ያለው እዛው ላይ ነው፣ ዛሬ ግን ውሃው ሸሽቶ በእግር ይገባል። ሴቶቹ ልጆች ደብተራቸውን ዘግተው ዙሪያቸውን ተቀመጡ።

ሲመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና ደሴ ልንገባ ስንል «ቲቸር፣ የእማን ድምፅ ሳንቆርጥ እናስተላልፈው፣ የኔንም» አለኝ።

አስተላለፍነው። ሁለት ሶስት ልጅ ሳቀ፣ ሌላው አዳመጠ፣ በማግስቱ ከኩታበርና ከአምባሰል የመጡ ልጆች «እኛም አያቶቻችንን እንቅረጽ» ብለው መጡ። ልጅ ከጓደኛው መመሳሰል ቢፈልግ አልፈርድበትም፣ ተስቆበት ያለፈ ያውቀዋል፣ እሱም ዜናውን ዛሬም በመደበኛው አማርኛ ነው የሚያነበው ደሞም ጎበዝ ነው። ግን ሀገር ሙሉ የሙዚቃ ቅኝቱን አምባሰልና ባቲ እያለ በኛ ቦታ ስም እየጠራ የኛ ልጅ በአፉ ሊያፍር አይገባም ነው የምለው።

ችግራችንን ባጭሩ፦ አምፕሊፋየራችን የካቲት ላይ መብራት ሲመላለስ ተቃጠለ፣ ጥገና ጠይቀን መልስ የለም፣ ያለን ማይክ አንድ ነው፣ መቅረጫችን የኔ ስልክ ነው፣ የእማን ታሪክ ያስተላለፍነው ከሰፈር ዕድር በተዋስነው ድምፅ ማጉያ ነው። ለማልያ በጀት ሲገኝ ለማይክ የሚጠፋበት ምክንያት አይገባኝም። የተዋስነው ደግሞ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ሜዳው ጫፍ የሚቆሙት 9ኛ ክፍሎች እስካሁን የታሪኩን መጨረሻ አልሰሙም፣ በየቀኑ ይጠይቁኛል።